ነርሷ ስትጠይቃችሁ

ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ስልኬ ጮኸ። አንዲት የኅብረታችን እህት ከሆዷ በታች ክፉኛ ታሟት ነበር። ጋቢዬን ደርቤ ወጣሁና ከጦር ኃይሎች ባቡር ማቆሚያ ብዙም በማይርቅ አንድ የድንገተኛ ክፍል ከባለቤቷ ጋር አገኘኋት።

ነርሷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «የኤች አይ ቪና የቂጥኝ ምርመራም እንጨምር?» ስትል ጠየቀች። የባልየው ፊት ተለዋወጠ። «እኛ አማኞች ነን! ስንጋባ ተመርምረን ለቤተ ክርስቲያን ወረቀት አስገብተናል» አላት። እውነቱን ልንገራችሁ፤ በልቤ እኔም ከእርሱ ጋር ነበርኩ።

ያ የሠርግ ወረቀት ግን ስለ ምን ይመሰክራል? አብዛኞቻችን የምናስገባው የኤች አይ ቪን ውጤት ብቻ ነው፤ እርሱም ደም ስለ ተሰጠበት ቀን እንጂ ከዚያ ወዲህ ስላለው አይናገርም። ቫይረሱ በቅርብ የገባ ከሆነ ደግሞ ምርመራው እስከ ሦስት ወር ላያሳየው ይችላል። ጨብጥና ክላሚዲያ በብዙ ሴቶች ላይ ምንም ምልክት ሳያሳዩ ወደ ማኅፀን ቱቦ ዘልቀው መካንነትን፣ ከማኅፀን ውጭ እርግዝናንም ያስከትላሉ። ቂጥኝ ለዓመታት ተደብቆ ይቆያል፤ ነፍሰ ጡር ካልታከመች ፅንሱን ሊገድል ይችላል፤ በፔኒሲሊን መርፌ ግን ይድናል።

ወደ ጌታ ከመምጣታችን በፊት የነበረ ሕይወትም አለን፣ ወገኖቼ። ኃጢአቱ ተሰርዮልናል፤ ያልታከመ ጀርም ግን በሰውነት ውስጥ ሊቆይ ይችላል። ይህን ከመድረክ ስንናገር አልሰማሁም፤ የጋብቻ ምክር ስሰጥ እኔም አልተናገርኩትም።

የነርሷ ጥያቄ ክስ አልነበረም። አሜሪካ ውስጥ የጤና ባለ ሥልጣናት እ.ኤ.አ. በ2006 ዓ.ም. ከ13 እስከ 64 ዓመት ያለ ታካሚ ሁሉ፣ እምቢ ካላለ በቀር፣ በድንገተኛ ክፍልም ጭምር ለኤች አይ ቪ እንዲመረመር መክረዋል። በእኛም አገር ባለሙያው ራሱ አንሥቶ መጠየቁ የቆየ አሠራር ነው። በብዙ ጤና ተቋሞቻችን የአባላዘር በሽታ የሚታከመው በሚታየው ምልክት ስለሆነ፣ ምልክት የሌላት ሴት ካልተጠየቀች ታልፋለች። ኤች አይ ቪ ቢገኝም መድኃኒቱ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ ይሰጣል፤ በአግባቡ ወስዶ ቫይረሱ በምርመራ እስከማይታይ የወረደለት ሰው በሩካቤ ወደ ትዳር ጓደኛው አያስተላልፍም።

እህቴ፣ በባልሽ ፊት መመለስ ከከበደሽ «ብቻችንን እንነጋገር» በያት። እምቢ ማለትም መብትሽ ነው። ጨብጥ፣ ክላሚዲያ ወይም ቂጥኝ ከተገኘ ግን ሁለታችሁም ታከሙ፤ አንዱ ብቻ ቢታከም ከሌላው መልሶ ይይዘዋል።

ያን ሌሊት እህታችን ምንም ሳትናገር እጇን ለነርሷ ዘረጋች። ባልየው ኮሪደሩ ላይ ብዙ ቆመ። ሊነጋ ሲል ገብቶ እጅጌውን እየሰበሰበ፣ «የእኔንም ውሰጂ» አላት። ውጤታቸውን አልጠየቅኋቸውም።