ጡብ ወይስ ቀርከሃ? የበርታዎች ቤት ምሕንድስና

በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. ከ1714 እስከ 1830 በነገሡት አራት ጆርጆች ስም የሚጠራ የጡብ ቤት አለ። ወፍራም ግድግዳው የምድጃውን ሙቀት ውጦ ያቆይና ቀስ በቀስ ለክፍሉ ይመልሳል። ለብርዳማ አገር ይህ ታላቅ ብልኀት ነው። ይህንኑ ቤት ከአሶሳ ወደ ኩርሙክ በሚያወርደው ቆላ ብንሠራውስ? ግድግዳው ቀን የጠጣውን የፀሐይ ሙቀት ማታ፣ ነዋሪው ቀዝቀዝ ያለ አየር በሚሻበት ሰዓት፣ ወደ ውስጥ ይለቀዋል። ጡቡ አልተለወጠም፤ የተለወጠው አገሩ ነው።

የበርታዎች ነባር ቤት ለዚሁ አገር የተሰጠ መልስ ነው። ከቀርከሃ የተሠራው ግድግዳ ቀጭን በመሆኑ ብዙ ሙቀት አያከማችም፤ በስንጥቆቹም ነፋስ ያሳልፋል። ስለዚህ ፀሐይ ስትጠልቅ ቤቱም አብሮ ይቀዘቅዛል።

ቅርጹስ ለምን ክብ ሆነ? እስቲ እናስላ። 20 ሜትር ርዝመት ያለው ግድግዳ አለን እንበል። አራት ማዕዘን እኩል ጎን ያለው ቤት ብንሠራበት የወለሉ ስፋት 25 ካሬ ሜትር ይሆናል። ክብ ብናደርገው ግን ወደ 31.8 ካሬ ሜትር ያድጋል። በዚያው ቀርከሃ ከሩብ በላይ ትርፍ ስፍራ አገኘን ማለት ነው። ሾጣጣው የሣር ክዳንም የክረምቱን ዝናብ ሳያቁር ያወርዳል።

በነባሩ አሠራር ወለሉ በድንጋዮች ላይ ከመሬት ከፍ ይላል። ይህም ከእርጥበት ይጠብቃል። ከዚህም በላይ ምስጥ ድንጋዩን ለመሻገር ከጭቃ መተላለፊያ መሥራት ስላለበት፣ ባለቤቱ ጠላቱን ገና ሳይገባ ያየዋል።

ይሁን እንጂ ቤቱ ደካማ ጎን አለው። እንጨት ሰርሳሪ ጥንዚዛዎች በቀርከሃው ውስጥ ያለውን ስታርች ፍለጋ ግንዱን ዱቄት ያደርጉታል። የቆላ ቀርከሃ ደግሞ ከብዙ ዓመታት በኋላ በጅምላ አብቦ፣ ዘሩን አፍርቶ ይደርቃል፤ አዲሱ ቡቃያ እስኪጠና ድረስ ሠሪው ማገር ያጣል። ሳይበስል የሚቆረጠው ቀርከሃ፣ የሰደድ እሳትና የእርሻ መስፋፋትም ደኑን ያሳሱታል። በዚህ መካከል ቆርቆሮ ቤት ይበዛል። ቆርቆሮ አይበሰብስም፤ ምስጥም አይበላውም። በቀትር ግን ከሥሩ የተቀመጠ ሰው ዋጋውን ያውቀዋል።

መፍትሔው ነባሩን ጥሎ ማለፍ ብቻ ነውን? አይደለም። ግንዱ ሦስት ዓመት ገደማ ሲሞላው መቁረጥ፣ ለሳምንታት በውኃ ዘፍዝፎ ስታርቹን መቀነስ፣ በቦራክስና በቦሪክ አሲድ ውሕድ ማከም የታወቁ ዘዴዎች ናቸው። ውድ አንባቢያን፣ የሥነ ሕይወት፣ የኬሚስትሪና የፊዚክስ ትምህርታችሁ በአንድ ጎጆ ውስጥ ተገናኝቷል። የእንግሊዙ ግንበኛ ከእግሩ ሥር ያለውን ሸክላ አጥንቶ ቤት እንደ ሠራ ሁሉ፣ እኛም ቀርከሃችንን አጥንተን ዕድሜውን ብናስረዝም የምናድነው ግድግዳውን ብቻ ሳይሆን ግድግዳውን የወለደውን ዕውቀት ጭምር ነው።