በቀቀን በሰው ቤት

የሰውን ቃል ሰምተው ለመመለስ ከታደሉት አዕዋፍ መካከል፣ ልብሱ ትሑት አንደበቱ ግን ልዑል ሆኖ የሚገኘው፣ ከጊኒ ባሕረ ሰላጤ ጠረፍ ተነሥቶ የኮንጎን ጥቅጥቅ ደን ይዞ እስከ ኡጋንዳና እስከ ምዕራብ ኬንያ በተዘረጋው ምድር የሚኖረው ግራጫው በቀቀን ነው። ርዝመቱ 33 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ክብደቱም ግማሽ ኪሎ የማይሞላ ሲሆን፣ መላ አካሉን አመድማ ላባ ሸፍኖት ጭራው ብቻ ደማቅ ቀይ ነው፤ ዓይኑም በጫጩትነቱ ጥቁር የነበረው በጎለመሰ ጊዜ ወደ ፈዛዛ ቢጫ ይለወጣል። ከእግሩ አራት ጣቶች ሁለቱ ወደ ፊት፣ ሁለቱ ወደ ኋላ የዞሩ ስለ ሆኑ፣ ፍሬውን በአንድ እግሩ ጨብጦ ወደ አፉ ሲያቀርብ ያየው ሰው፣ ከማዕድ የቀረበ ጨዋ እንግዳ ያየ ይመስለዋል።

ሰው ድምፁን የሚያወጣው በማንቁርቱ ውስጥ ባሉት አውታሮች ነው፤ በቀቀን ግን እነዚህ አውታሮች የሉትምና፣ ድምፁ የሚፈጠረው ከዚያ በታች፣ የአየር ቧንቧው ወደ ሁለቱ ሳንባዎች በሚከፈልበት ሥፍራ ሲሆን፣ ወፍራምና ቀልጣፋ የሆነው ምላሱ ያንን ድምፅ ቀርጾ ቃል ያስመስለዋል። ይህ ጸጋ የተሰጠው ሰውን እንዲያስቅበት አይደለም። በዱር ሳለ በማኅበር የሚኖር፣ ሲመሽም በብዙ መቶ ተሰብስቦ የሚያድር ፍጥረት በመሆኑ፣ የባልንጀሮቹን ድምፅ ሰምቶ መማርና መመለስ ለእርሱ የአንድነት ማሠሪያ ነው። ወደ ሰው ቤት በገባ ጊዜም ቤተ ሰቡን እንደ ማኅበሩ ቆጥሮ ልሳናቸውን ያጠናል፤ በቀቀን ባለበት ቤት የሚሰማው ሳቅ ሁሉ ምንጩ ይኸው ነው።

እንዲህ ባለው ቤት፣ ስልክ የጮኸ መስሎት ሳሙናውን ሳያለቅልቅ ከመታጠቢያ ቤት የወጣው አባወራ፣ ስልኩን ጸጥ ብሎ፣ ወፉን ግን ሲጮህ ያገኘዋል፤ እናቱ በስሙ የጠራችው መስሎት «አቤት!» እያለ ወደ ማድ ቤት የሮጠው ልጅ፣ እናቱ ገበያ መሄዷን ያስታውሳል፤ ውሻውም በጌታው ድምፅ ተጠርቶ ጭራውን እየቆላ ይመጣና፣ በዚያው ድምፅ «ውጣ!» ሲባል ግራ ገብቶት ይቆማል። አያት ሲያስሉ ወፉም አብሮ ያስላል፤ መብራት ሲጠፋ «ደኅና እደሩ» ይላል። ማንኪያውን ከገበታ ገፍቶ ይጥልና፣ ሰው ጎንበስ ብሎ ሲያነሣው አንገቱን አዘንብሎ ተመልክቶ እንደ ገና ይጥለዋል። የሸሚዝ ቁልፍ፣ እርሳስና የመጽሐፍ ጠርዝ ከምንቃሩ አይተርፉም፤ በዱር የፍሬ ቅርፊት ሲሰብርና እንጨት ሲቦረቡር የሚውል ስለ ነበረ፣ ለምንቃሩ ሥራ ካልሰጡት ሥራውን ራሱ ይፈልጋል። ከቤተ ሰቡም አንዱን መርጦ ትከሻው ላይ ይቀመጥና፣ ወደዚያ ሰው የሚቀርበውን ሁሉ በቅናት ይነክሳል።

እንዲህ ያለው ነገር ከቤት አልፎ በአደባባይ የተወራበት ጊዜም አለ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2008 በጃፓን አገር፣ በቶክዮ አጠገብ፣ ከቤቱ አምልጦ የጠፋ አንድ ግራጫ በቀቀን በፖሊስ ተይዞ ወደ እንስሳት ሐኪም በተወሰደ ጊዜ፣ ስሙንና የቤቱን አድራሻ በቃሉ ተናግሮ ወደ ጌቶቹ ተመልሷል። በ2020 ደግሞ በእንግሊዝ አገር በሊንከንሻየር ወደሚገኝ የአራዊት መጠበቂያ የገቡ አምስት በቀቀኖች፣ በአንድ ክፍል አብረው በሰነበቱበት ጊዜ ጎብኚዎችን የሚሳደቡ ሆነው ስለ ተገኙ፣ ከሕዝብ ዓይን ገለል ተደርገው እንዲለያዩ ሆኗል። ወፉ በስሜት ኃይል የተነገረውን ቃል ፈጥኖ ይይዛልና፣ ሳቅ ሲከተለውም ይደግመዋልና፣ በተሰደበ ጊዜ የሚስቅ ሁሉ ስድቡን እያስተማረ መሆኑን ይወቅ።

በቀቀን የሚሰማውን ሁሉ ሳያስተውል የሚደግም ነው የሚለውን የቆየ አስተሳሰብ ግን፣ አሌክስ የተባለው በቀቀን አናግቶታል። አሜሪካዊቷ ሊቅ አይሪን ፔፐርበርግ በ1977 በቺካጎ ከተማ ከወፍ መሸጫ ገዝተው 30 ዓመት ያህል ያስተማሩት ይህ ወፍ፣ ከ100 በላይ ቃላት ያውቅ ነበር፤ ቀለሙን፣ ቅርጹን፣ የተሠራበትንም ነገር ለይቶ ይናገር፣ እስከ ስድስት ይቆጥር፣ ሁለት ነገሮች በምን እንደሚመሳሰሉና በምን እንደሚለያዩ ሲጠየቅ ይመልስ ነበር። ትምህርቱ በሰለቸውም ጊዜ ወደ ማደሪያው እንዲመልሱት በቃል ይጠይቅ ነበር። በ2007 በ31 ዓመቱ ሞተ።

እንዲህ ያለ አእምሮ የተሰጠው ፍጥረት ብቸኝነትን አይችልም። ቀኑን ሙሉ በሽቦ ቤት ብቻውን የተተወ በቀቀን የገዛ ላባውን እየነቀለ ራቁቱን እስኪቀር ይደርሳል። አቮካዶና ቸኮላት መርዝ ይሆኑበታል፤ ምግብ የማያጣብቀው መጥበሻ ከልክ በላይ ሲግል የሚያወጣው ጢስም ፈጥኖ ይገድለዋል። ከሁሉም በላይ፣ በሰው ቤት 40፣ አንዳንዴም 60 ዓመት ሊኖር ስለሚችል፣ የሚቀበለው ሰው ለዕድሜ ልክ መቀበሉን፣ ምናልባትም ለልጆቹ ማውረሱን አስቀድሞ ሊያስብበት ይገባል።

ይህ ሁሉ ማራኪነቱ ለወፉ ጥፋት ሆኖበታል። ለንግድ በብዛት ስለ ተጠመደና ደኑም ስለ ተመነጠረ፣ እንደ ጋና ባሉ አገሮች ቁጥሩ እጅግ ተመናመነ፤ ስለዚህም በ2016 በጆሃንስበርግ የተሰበሰቡት መንግሥታት ከዱር የተያዘው በቀቀን ከአገር ወደ አገር እንዳይነገድ ከለከሉ። አገራችን ኢትዮጵያም ከእርሷ በቀር በሌላ ምድር የማይገኝ፣ ግንባሩ ቢጫ የሆነ በቀቀን አላት። እንግዲህ በቀቀን በቤቱ ማሳደር የሚሻ ሰው ጓደኝነቱን በየቀኑ የሚሰጠው መሆኑን አስቀድሞ ራሱን ይመርምር፤ ይህን የማይችል ከሆነ፣ ግራጫውንም ሆነ የእኛን ቢጫ ግንባር፣ ማኅበሩ ባለበት ደን ይተወው።