ላምዳ ለምን ይተዋል? የማይክሮ ትምህርትና የአሶሳ ወርቅ

«ማይክሮ ኢኮኖሚክስ ሒሳብ ነው፤ ፎርሙላውን ሸምድደህ እለፍ።» ኢኮኖሚክስ የሚማር ልጅ ከሲኒየሮቹ የሚሰማው ምክር ይህ ነው። ምክሩ ሚድ ፈተናን ያሻግር ይሆናል፤ ትምህርቱን ግን አያስይዝም። ገደብ ባለበት ምርጡን መጠን የምናገኝበትን የላግራንዥ ዘዴ እንይ። ተማሪው ዴሪቬቲቩን ይወስዳል፣ የጉልበትና የካፒታሉን መጠን ያገኛል፣ የገደቡን ማባዣ ላምዳን ግን እንደ ማስሊያ ብቻ ቆጥሮ ይተወዋል። ወጪን ዝቅ ለማድረግ በሚሠራ ጥያቄ ውስጥ ላምዳ ማለት አንድ ተጨማሪ ምርት የሚጠይቀው ወጪ ነው። የጥያቄው ቁም ነገር ያለው እዚያ ላይ ነው።

አሶሳ ላይ ለሚማር ልጅ ይህን ለማስረዳት የሩቅ ፋብሪካ አያስፈልግም። አሶሳ ባለችበት በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ብዙ ሰው በባህላዊ መንገድ ወርቅ ያጥባል። «አካፋና ገበቴ ይዞ ለሚወርድ ሰው ምን ወጪ አለበት?» ይባላል። አለበት እንጂ! ያን ቀን ሳይታረም የዋለው ማሽላ ወጪው ነው። ላይ ላዩ አፈር ታጥቦ ሲያልቅ ጉድጓዱ ይጠልቃል፤ ቀጣዩ ግራም ካለፈው የበለጠ ድካም ይጠይቃል፤ ላምዳው ከፍ አለ ማለት ነው። ከማሳው የሚቀርበት ከወርቁ ከሚያገኘው ሲበልጥ አጣቢው ገበቴውን አስቀምጦ ወደ ማሳው ይመለሳል።

«ወርቅ በኮንትሮባንድ የሚወጣው ቁጥጥር ስለላላ ብቻ ነው» የሚለውም ግማሽ እውነት ነው። ብሔራዊ ባንክ ወርቅ የሚገዛው በዓለም ዋጋ ላይ ተመሥርቶ፣ ብሩንም በይፋዊው ምንዛሪ አስልቶ ነበር። እስከ ሐምሌ 2016 መጨረሻ ሳምንት ድረስ ይፋዊው ዶላር 57 ብር ገደማ ሲሆን፣ ትይዩ ገበያው ከ100 ብር በላይ ይከፍል ነበር። ባንኩ ማበረታቻ ቢጨምርም ልዩነቱን አልደፈነውም፤ ስለዚህ ወርቁ የተሻለ ዋጋ ወደሚከፈልበት ይሄድ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ወደ ባንኩ የሚገባው ወርቅ በብዙ እጥፍ አደገ። እዚህ ላይ ግን ጠንቀቅ ማለት ይገባል፤ በዚያው ወቅት የዓለም የወርቅ ዋጋም ጨምሯል። «ሌላው ሁሉ ባለበት ሲሆን» የምትለዋን ሐረግ መምህራን የሚደጋግሟት ለዚህ ነው።

በስህተት የሚወሰደው ሌላው ቃል «ራሽናል» ነው፤ ገንዘብ ወዳድ ማለት አይደለም። ምርጫው እርስ በርሱ እስካልተጋጨ ድረስ ወርቁን ትቶ ለቅሶ የሚደርስ ሰውም ራሽናል ነው።

የመጨረሻው ምሳሌ ማንጎ ነው። የአሶሳ ማንጎ በአንድ ጊዜ ደርሶ ዋጋው ሲወድቅ ሰው ሁሉ ነጋዴውን ይከሳል። የነጋዴዎች ቁጥር ማነስ ዋጋን መጫኑ እውነት ነው፤ ከዚያ በፊት ግን የአቅርቦቱን መስመር መሳል ያስፈልጋል። የበሰለ ማንጎ አይጠብቅም፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ስለዚህ በዚያ ሳምንት መስመሩ ቀጥ ብሎ የቆመ ነው ለማለት ይቻላል፤ ገዢው ትንሽ ቢሰጥም ገበሬው ይሸጣል። መስመሩን የሚያጋድለው ማቀዝቀዣ ወይም የጭማቂ ማዘጋጃ ነው።