የአቮካዶ ችግኝ ስትመርጡ

አንዲት እናት በጓሮአቸው የቆመ የአቮካዶ ዛፍ አሳዩኝ። አቮካዶ በልተው ዘሩን ከቀበሩት ሰባት ዓመት ሆኖታል። ዛፉ አድጎ ከቤቱ ክዳን በልጧል። በየዓመቱ ያብባል፤ አበባው ግን ይረግፋል።

«ልጄ፣ ወንድ ነው መሰለኝ። ባለቤቴ በመጥረቢያ ልጣለው ይላል» አሉኝ።

ሰባት ዓመት ቀላል ጊዜ አይደለም። በዚያ ቦታ ጎመን ወይም ጌሾ ይበቅልበት ነበር። ችግኝ የሚመረጠው በአንድ ጠዋት ነው። የምርጫው ስሕተት የሚታወቀው ግን ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ ገንዘባችሁን ከመክፈላችሁ በፊት አራት ነገር ጠይቁ።

አንደኛ፤ መሬቴ ይስማማዋል ወይ? አቮካዶ ወይና ደጋ ይወዳል። ውርጭ ለጋውን ችግኝ ይገድለዋል። ዋናው ጠላቱ ግን የተኛ ውሃ ነው። ውሃ በሚያቁር መሬት ላይ ሥሩ ይበሰብሳል፤ ቅጠሉ ይገረጣል፤ ዛፉም ከላይ ጀምሮ ይደርቃል። መሬታችሁን ለመፈተን እስከ ጉልበት የሚደርስ ጉድጓድ ቆፍሩና ውሃ ሙሉበት። በማግስቱ ውሃው እንደተኛ ካገኛችሁት ሌላ ቦታ ፈልጉ።

ሁለተኛ፤ ችግኙ ከዘር የበቀለ ነው ወይስ የተዳቀለ? ከዘር የበቀለ አቮካዶ እናቱን ላይመስል ይችላል። የጥሩ ዛፍ ዘር ውሃ ውሃ የሚል ፍሬ ሊሰጥ ይችላል። ለማፍራትም ብዙ ጊዜ ከ5 ዓመት በላይ ይፈጅበታል፤ 10 ዓመት የሚያስጠብቅም አለ። የተዳቀለ ችግኝ ግን ከዘር በበቀለ ችግኝ ግንድ ላይ ከምርጥ ዛፍ የተቆረጠ ቀንበጥ ተጋጥሞበት የሚዘጋጅ ነው። ከ3 እስከ 4 ዓመት ውስጥ ማፍራት ይጀምራል። ፍሬውም ቀንበጡ የተቆረጠበትን ዛፍ ፍሬ ይመስላል። መለያው በግንዱ የታችኛው ክፍል የሚታየው የመጋጠሚያ ጠባሳ ነው። ጠባሳ ከሌለው «የተዳቀለ ነው» ቢሏችሁም አትመኑ።

ሦስተኛ፤ ችግኙ ጤነኛ ነው ወይ? ቁመቱን ብቻ አይታችሁ አትግዙ። ጠባሳው በደንብ መግጠሙን እዩ። ሥሩ በፕላስቲኩ ውስጥ እንደ ገመድ የተጠማዘዘ ከሆነ ተዉት። ስትተክሉም ጠባሳው ከአፈር በላይ ይሁን። ከጠባሳው በታች የሚያቆጠቁጠውን ቁረጡት፤ ያ ምርጡ ቀንበጥ አይደለም።

አራተኛ፤ ጓደኛ አለው ወይ? ፓፓያ ወንድ ዛፍና ሴት ዛፍ አለው። አቮካዶ ግን እንደዚያ አይደለም። እያንዳንዱ የአቮካዶ አበባ ሁለት ጊዜ ይከፈታል። መጀመሪያ እንደ ሴት፣ በማግስቱ ደግሞ እንደ ወንድ ይሆናል። የአንዳንዱ ዝርያ አበባ ሴት የሚሆነው ጠዋት ነው፤ ወንድ የሚሆነው በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ነው። ሃስና ፒንከርተን የሚባሉት እንደዚህ ናቸው። ፉዌርቴ፣ ኢቲንገርና ናባል ደግሞ በተቃራኒው ናቸው፤ ከሰዓት በኋላ ሴት፣ በማግስቱ ጠዋት ወንድ ይሆናሉ። ሁለቱ ወገኖች ሲጎራበቱ አንዱ ሲሰጥ ሌላው ይቀበላል። አመላላሿ ንብ ናት። ብቻውን የቆመ ዛፍም ጥቂት ሊያፈራ ይችላል፤ ከጓደኛው ጋር ሲሆን ግን የተሻለ ይይዛል።

ጓሮዬ ጠባብ ነው፣ ሁለት ዛፍ አይችልም የሚል ሰው ይኖራል። ጎረቤት ምን ይሠራል? አንዱ ሃስ ቢተክል፣ ሌላው ፉዌርቴ ይትከል። ንብ አጥር አያግዳትም።

ለእኚያ እናት የነገርኳቸው ይህንኑ ነው። «እማማ፣ ዛፉ ወንድ አይደለም። ብቸኛ ሆኖ ይሆናል» አልኳቸው። ከጎረቤታቸው ጋር ተመካክረው ከየወገኑ አንድ አንድ የተዳቀለ ችግኝ በአጥሩ ግራና ቀኝ ሊተክሉ ተስማሙ። አሮጌው ዛፍ ከዚያም በኋላ እምቢ ቢል፣ ተቆርጦ ጉቶው በሚያወጣው ቅርንጫፍ ላይ ምርጥ ቀንበጥ ማጋጠም ይቻላል። ባለቤታቸውም መጥረቢያውን ወደ ቦታው መለሱ።

ጥያቄዎች
1. ከዘር የበቀለና የተዳቀለ ችግኝ በምን ይለያያሉ?
2. ውሃ የሚያቁር መሬት አቮካዶን ምን ያደርገዋል?
3. በመንደራችሁ የማያፈራ የአቮካዶ ዛፍ አለ? ምክንያቱ ምን ይመስላችኋል? ከጎረቤቶቻችሁ ጋር ተወያዩበት።