ብልጥና ብልህ

«እገሌ ብልጥ ነው» ይባላል። «እገሊት ብልህ ናት» ይባላል። ሁለቱ ቃላት ይቀራረባሉ እንጂ አንድ አይደሉም። ብልጥ ሰው የዛሬን ጥቅም ያያል። ብልህ ሰው ግን ነገ የሚመጣውንም ያያል። ብልጥ ሌላውን ያታልላል። ብልህ በቀላሉ አይታለልም፤ ሌላውንም አያታልልም።

ከገበያ እንነሣ። አንድ የእህል ነጋዴ ሚዛን ይቀሽባል እንበል። ገበሬው 100 ኪሎ ጤፍ ጭኖ ይመጣል። ነጋዴው «95 ኪሎ ነው» ይለዋል። 5 ኪሎ በነጻ ሊያገኝ ነው። ይህ ብልጠት ነው። ታዲያ ገበሬው ቢሳደብ ምን ይጠቅመዋል? አስተዋይ ከሆነ እህሉን ከቤት ሳይወጣ ይሰፍራል። ገበያ ደርሶም በሌላ ሚዛን ያስመዝናል። ልዩነቱን ሲያይ እህሉን ለሌላ ነጋዴ ይሸጣል፤ ለጎረቤቶቹም ይነግራል። ጥቂት ሳምንት ሳይቆይ ከዚያ ነጋዴ ደጅ የሚቆም ሰው ይጠፋል። ነጋዴው ብልጥ ነበረ፤ ገበሬው ግን ብልህ ሆነ።

ይህ ነገር በአገር ጉዳይም ታይቷል። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከኢጣልያ መንግሥት ጋር ወሎ ውስጥ፣ ውጫሌ ላይ ውል ተዋዋሉ። ውሉ በአማርኛና በጣሊያንኛ ተጻፈ። ክርክር የመጣው በ17ኛው አንቀጽ ነው። አማርኛው «ኢትዮጵያ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በኢጣልያ በኩል መላላክ ትችላለች» የሚል ሐሳብ ነበረው። ጣሊያንኛው ግን የግድ በኢጣልያ በኩል እንድትላላክ የሚያስገድድ ነበር። «ትችላለች» እና «የግድ ነው»፤ ልዩነቱ የአንድ ቃል ነው። በዚያች ቃል ምክንያት ኢጣልያ «ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት» ብላ ለዓለም አስታወቀች።

ምኒልክ ነገሩን ሲያውቁ በአማርኛው ቃል ጸኑ። እቴጌ ጣይቱም አጥብቀው ተቃወሙ። በ1885 ዓ.ም. ውሉ መፍረሱን ምኒልክ ለአውሮፓ መንግሥታት አሳወቁ። እስከዚያውም ዝም ብለው አልተቀመጡም፤ ጠመንጃና ጥይት ያከማቹ ነበር።

ጦርነቱ መጣ። መቀሌ ላይ የኢጣልያ ጦር ጠንካራ ምሽግ ይዞ ነበር። ምሽጉን ፊት ለፊት ገጥሞ መስበር ብዙ ሰው ያስጨርሳል። እቴጌ ጣይቱ ግን ከግንቡ ይልቅ ውሃውን ተመለከቱ። ሰው ልከው ምንጩን አስያዙ። ጠላት በውሃ ጥም ተጨነቀ። በጥር ወር 1888 ዓ.ም. ምሽጉን ለቆ ወጣ። የካቲት 23 ቀን ዓድዋ ላይ ድል ሆነ። በጥቅምት ወር 1889 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተፈረመው ውል የውጫሌው ውል ተሰረዘ። ኢጣልያም የኢትዮጵያን ነጻነት ተቀበለች። በአንዲት ቃል አገር ለመያዝ መሞከር ብልጠት ነበር፤ መጨረሻው ግን ሽንፈት ሆነ።

ይህን ለምን አነሣን? በየቤታችንም ውል አለ። መሬት ማከራየት፣ ገንዘብ መበደር፣ በሬ መሸጥ፣ ሁሉም ወረቀት አለው። ማንበብ የማይችል ሰው የነገሩትን አምኖ ጣቱን ቀለም ነክሮ ያትማል። መሬቱን ለ2 ዓመት ያከራየ መስሎት ወረቀቱ ላይ 20 ዓመት ተጽፎ ቢገኝስ? ልዩነቱ አንዲት ዜሮ ናት። አንዲት ዜሮ ግን የልጆችን እንጀራ ትወስዳለች።

እኛ ዛሬ ማንበብ ጀምረናል። ነገር ግን ማንበብ ብቻውን ብልህ አያደርግም። ፊደል ሳይቆጥሩ ነገር የሚያመዛዝኑ ስንት ሽማግሌዎች አሉ! የከሳሽን ቃል ብቻ ሰምተው አይፈርዱም። ተከሳሹንም ይሰማሉ፤ ምስክር ይጠይቃሉ፤ ካልጠራላቸውም «እንደርበት» ይላሉ። ንባብ እንዲህ ላለ ልብ ተጨማሪ ዓይን ነው።

ስለዚህ ወረቀት ሲቀርብልን እንዲህ እናድርግ። ከላይ እስከ ታች ቀስ ብለን እናንብብ። ያልገባንን ቃል እንጠይቅ፤ መጠየቅ አያሳፍርም። ቁጥሩ በአኀዝም በፊደልም ይጻፍ። የምናምነው ሌላ ሰውም ያንብብልን። አንዱን ቅጂ እኛ ዘንድ እናስቀር። «ቶሎ ፈርም፣ ኋላ ታነበዋለህ» የሚል ሰው ቢመጣ፣ ያን ጊዜ እጃችንን እንሰብስብ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባል የለ!

ተወያዩበት፦
1. በብልጥና በብልህ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?
2. እቴጌ ጣይቱ ግንቡን ትተው ውሃውን ያዩት ለምን ይመስላችኋል?
3. በቤታችሁ ያለ አንድ ውል አውጥታችሁ አንብቡ። ምን ይላል? ስንት ዓመት ይላል? ስንት ብር ይላል?