«እጥረት» ስለሚባለው ቃል አገባብ

በጽሕፈት ቤት ከሚደጋገሙት ቃላት አንዱ «እጥረት» ነው። የበጀት እጥረት፣ የሠራተኛ እጥረት፣ የውኃ እጥረት እያልን በየደብዳቤው እንጽፋለን። ቃሉ ቀላል መስሎ ቢታይም ያለ ቦታው ሲገባ የሚያስከትለው ጉዳት ቀላል አይደለም፤ ስለዚህ ትርጓሜውንና አገባቡን እንመልከት።

«እጥረት» የተገኘው «አጠረ» ከሚለው ግሥ ነው። ገመዱ አጠረ ስንል ገመዱ አለ፤ ዳሩ ግን ከሚፈለገው ቦታ አይደርስም ማለታችን ነው። «እህል አጠረን» ያለ ሰውም በጎተራው ጥቂት እህል እንዳለው፣ እስከ መኸር ግን እንደማያደርሰው ይናገራል። «እጦት» ከ«አጣ» የወጣ ስለ ሆነ ፈጽሞ አለመኖርን ያመለክታል፤ ያጣ የነጣ የሚባለውም ምንም የሌለው ነው። «ጉድለት» ከተወሰነ ልክ የቀነሰውን ያሳያል፤ ስለዚህም የሒሳብ ጉድለት እንላለን። «ድርቅ» ስለ ሰማይና ስለ ምድር ሲነገር፣ «ረኃብ» የሚነገረው ስለ ሰው ነው።

ልዩነቱ በመንዝና በግሼ ደጋ ይበልጥ ይታያል። በዚያ ከፍታ ገብስ የሚዘራ ብዙው ገበሬ የበልግን ዝናብ ይጠብቃል። በልጉ ሲያንስ የዝናብ እጥረት ነው፤ ጎተራው ሲቀንስ የእህል እጥረት ይሆናል። ገበሬው በጎቹን በርካሽ ሸጦ እህል በውድ ሲገዛ ችግሩ እየጠና ሄዷል። በጎቹም እህሉም ሲያልቁ እጦት ይባላል፤ ሰውነት ሲከሳ ደግሞ ረኃብ ገብቷል። በሌላ በኩል በመርሐ ቤቴ ቆላ ማሽላ ደርሶ ሳለ በመንዝ ገብስ ሊጠፋ ይችላልና፣ «በሰሜን ሸዋ እጥረት አለ» ብሎ መጻፍ ቦታውን አይገልጽም።

የመንዝ አባቶች እጥረትን አስቀድመው ያስቡ ነበር። የጓሳን ሣር ለዓመታት ዘግተው በተወሰነ ጊዜ ብቻ ያሳጭዱ ነበር። ሥርዓቱ በ1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቢቋረጥም፣ ጓሳ ዛሬ በኅብረተሰቡ የሚጠበቅ ስፍራ ነው።

እንግሊዞችም «ስኬርሲቲ» የሚሉትን ቃል ከረኃብ ለይተውታል። ሕንድን በሚገዙበት ዘመን፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1880ዎቹ ባወጡት የረኃብ ደንብ፣ ችግሩን ወደ እጥረት የተቃረበ፣ እጥረትና ረኃብ ብለው በሦስት ደረጃ ከፈሉት። ሹሙ የትኛውን ቃል እንደ ጻፈ ሲታወቅ፣ ምን ዓይነት ርዳታ መጀመር እንዳለበትም ይታወቅ ነበር።

በእኛ አገር በ1965 ዓ.ም. በወሎ ረኃብ በጸና ጊዜ ጉዳዩ በስሙ ሳይጠራ ቆየ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በእንግሊዝ አገር ሲታይ ዓለም ዐወቀው፤ ለብዙዎች ግን ጊዜው አልፎ ነበር።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ «እጥረት» ብለህ ከመጻፍህ በፊት ምን አጠረ? የት? ለስንት ሰው? እስከ መቼ? ብለህ ጠይቅ። «በወረዳው የእህል እጥረት አለ» የሚለውን ትተህ፣ «በዚህ ቀበሌ ይህን ለሚያህል ቤተሰብ እህል እስከ ሰኔ አያደርስም» ብለህ ጻፍ። እንዲህ ያለ ደብዳቤ የሚደርሰው ሹም «ተመልክቼዋለሁ» ብሎ በመዝገብ ቤት ሊያሳድረው አይችልም። ነገሩ እጦት ወይም ረኃብ ሆኖ ሳለም «እጥረት» በሚል ለስላሳ ቃል አትሸፍነው፤ የቃሉ መለሳለስ የእህሉን ጭነት ያዘገያልና።