ሙቀቱ ሳይገባ ኤሲዎን አይተውታል?



የድሬዳዋን ሙቀት ለእናንተ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛል። ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ ከዙህር ሶላት በኋላ የቀፊራ ሱቆች በራቸውን ገርበብ ያደርጋሉ፣ ከተማውም ያሸልባል። እናቶቻችን ግቢውን ውሃ ረጭተው፣ አልጋ አውጥተው ሌሊቱን ይገፉት ነበር። ዛሬ አልሐምዱሊላህ አቅም ያለው ኤሲ አስገብቷል፣ ሌላው ውሃ የሚጨመርበትን ኩለር ገዝቷል፣ ቀሪው በቬንትሌተር ይውላል። መልካም ነው። ነገር ግን እነዚህን ዕቃዎች የምናያቸው የተገዙ ቀንና የተበላሹ ቀን ብቻ ነው። በመካከሉ ባሉት ዓመታት ውስጣቸው ምን እንደሚራባ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

መድኃኒት ቤት ስንሠራ በሙቀቱ ወራት በተደጋጋሚ የምንሰማው አቤቱታ አለ። «ልጄ ሳሉ አልለቅ አለው፣ ጠዋት ጠዋት ያስነጥሰዋል፣ አሞክሳሲሊን ስጪኝ» ይባላል። ትኩሳት አለው? የለውም። ቤታችሁ ኤሲ አለ? አለ። መቼ ታጠበ? ሲባሉ ብዙዎች «ይታጠባል እንዴ?» ብለው ይገረማሉ። አዎ፣ ይታጠባል። አቧራና ሻጋታ ያስነሳውን ማስነጠስ ደግሞ የትኛውም አንቲባዮቲክ አያድነውም። ሳሉ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ትንፋሽ ካጠረው ወይም ደረቱ ሲር ሲር ካለ ግን ሐኪም ይየው እንጂ በማጣሪያ እጥበት አትሸኙት።

ነገሩን ለመረዳት ኤሲ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ይጠቅማል። አንዱ አካሉ ግድግዳችን ላይ ተሰቅሎ ቀዝቃዛ አየር ይሰጠናል፤ ሌላው ጣሪያ ላይ ወይም በረንዳ ላይ ተቀምጦ ሲያጓራ ይውላል። የውስጡ የክፍሉን ሙቀት ይሰበስባል፣ ጋዙ በቱቦ ተሸክሞት ይወጣል፣ የጣሪያው ደግሞ ሙቀቱን ወደ ውጭ ይበትነዋል። ኤሲ ንጹሕ አየር ከውጭ የሚያስገባ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። በየቤታችን ያለው ዓይነት ግን የክፍሉን አየር ራሱን ደጋግሞ ነው የሚያዞረው። ስለዚህ በሩ ተዘግቶ ዑድና እጣን ሲጨስ፣ በርጫ ላይ ሲጋራ ሲጨመርበት፣ ያው ጭስ እየዞረ ወደ ሳንባችን ይመለሳል፤ ከፊሉም ማጣሪያው ላይ ይለጠፋል። ዑድ የምትወዱ (እኔም እወዳለሁ) መጀመሪያ መስኮት ከፍታችሁ አጭሱ፣ ኤሲውን በኋላ አብሩት።

ማጣሪያውን፣ ሠራተኞቹ ፊልትሮ የሚሉትን፣ ማንኛዋም የቤት እመቤት ልታጥበው ትችላለች። ኤሲው ከኤሌክትሪክ ይነቀላል ወይም ብሬከሩ ይወርዳል፣ የፊት ክዳኑ ይነሳል፣ መረብ የመሰለው ማጣሪያ ተስቦ ይወጣል። ለብ ባለ ውሃና በትንሽ ሳሙና ታጥቦ ጥላ ውስጥ ይደርቃል። ፀሐይ ላይ አታስጡት፣ ይጣመማል። እርጥቡንም አትመልሱት፣ የሻጋታ መኝታ ይሆናል። የደቻቱ አሸዋ በነፋስ በሚነሳበት ወቅት በየ15 ቀኑ፣ በሌላው ጊዜ በወር አንዴ ቢታጠብ ይበቃል።

የጣሪያው አካል ነገር ሌላ ነው። ሙቀቱን የሚበትንባቸው ስስ የብረት ክንፎች በአቧራ ሲደፈኑ መተንፈስ ያቅተዋል፣ መብራት ይበላል፣ ቤቱም አይቀዘቅዝም። ጣሪያው ጠንካራ ኮንክሪት ከሆነና መወጣጫ ካለው ከሱብሒ በኋላ፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣ ብሬከሩን አጥፍቶ በቀስታ በሚፈስ ውሃ ማጠብ ይቻላል። በኃይል የሚረጭ ውሃ ክንፎቹን ያጣምማቸዋል። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ግን አትውጡ፣ ልጅም አትላኩ። ሽፋኑን ብሎን ፈትቶ መክፈትም የባለሙያ ሥራ ነው፤ ብሬከሩ ከጠፋ በኋላም ውስጡ ያለው ካፓሲተር ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆያል።

«ጋዝ አልቋል፣ እንሙላ» የሚለውን ነገርም ልብ በሉ። የኤሲ ጋዝ እንደ ምድጃ ጋዝ ተቃጥሎ የሚያልቅ አይደለም፤ በተዘጋ ቱቦ ውስጥ የሚዞር ነው። ከጎደለ ቀዳዳ አለ ማለት ነው። ቀዳዳው ሳይፈለግ በየዓመቱ መሙላት ገንዘብን በወንፊት መቅዳት ነው። የሚመጣው ሠራተኛ ቀዳዳውን ፈልጎ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ወደ ውሃው። ኩለር የሚሠራው የሾፌሮቻችን ጀሪካን በሚቀዘቅዝበት መንገድ ነው። ጀሪካኑን በረጠበ ጆንያ ጠቅልለው ነፋስ ላይ ሲሰቅሉት ውሃው እየተነነ ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። ኩለሩም ከሥሩ ካለው ገንዳ ውሃ ስቦ ገለባ ወይም ካርቶን የመሰለ ግድግዳውን ያርሳል፣ በዚያ በኩል አየር ይነፋል። ስለዚህ መስኮት ተከፍቶለት ነው የሚሠራው፤ ክረምት ላይ አየሩ እርጥበት ሲይዝ ደግሞ ብዙም አይረዳም። ያን ጊዜ ሰው ያጠፋውና ገንዳው ውስጥ ያለውን ውሃ ይረሳዋል። ከኤሲው ቱቦ የሚንጠባጠበው ውሃ የሚጠራቀምበት ባልዲም እንዲሁ ይረሳል። ጣሪያ ላይ ክዳኑ የተሰበረውን ሮቶ ደግሞ ማን ወጥቶ ያየዋል?

ትንኟ ታየዋለች። እ.ኤ.አ. በ2013 በአገራችን በላቦራቶሪ የተረጋገጠው የመጀመሪያው የደንጊ ትኩሳት ወረርሽኝ የተነሳው እዚሁ ድሬዳዋ ነው። በ2019 ቺኩንጉንያ መጥቶ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎችን መገጣጠሚያቸውን ይዞ አስተኛቸው፤ ያኔ ያልታመመበት ቤት ጥቂት ነበር። ሁለቱንም የምታስተላልፈው ኤዴስ የምትባለው፣ እግሯ ነጭ ቀለበት ያለው፣ ቀን የምትናከስ ትንኝ ናት። በ2022 ደግሞ በከተማችን የወባ ወረርሽኝ ተነሳ፣ ያውም ጎላ ብሎ የታየው ወባ በማይጠበቅበት የበጋ ወራት ነው። ተመራማሪዎች ከእስያ ከመጣችውና አኖፌለስ ስቴፈንሲ ከምትባለው ትንኝ ጋር አያይዘውታል። ይህቺ ትንኝ በአገራችን መጀመሪያ የተገኘችው በ2016 ቀብሪደሃር ውስጥ ነው። ረግረግ አትሻም፤ በርሜል፣ ታንከርና ሮቶ ይበቃታል። ሕንዶች ይህን ቀድመው አውቀውታል፤ በዴልሂ የደንጊ ወቅት ሲደርስ የማዘጋጃ ቤት ሠራተኞች ከቤት ቤት እየዞሩ የኩለሮችን ገንዳ ይፈትሻሉ።

ከእንቁላል እስከ በራሪ ትንኝ ያለው ጊዜ በእኛ ሙቀት ከሳምንት ብዙም አያልፍም። ስለዚህ የኩለሩን ገንዳና ባልዲውን በሳምንት አንድ ቀን ማድረቅ ግዴታ ነው። ለጁሙዓ የምንታጠብበት ጠዋት ቢሆን አይረሳም። ውሃውን መድፋት ብቻውን ግን አይበቃም። ኤዴስ እንቁላሏን የምታጣብቀው ከውሃው ከፍ ብላ በገንዳው ግድግዳ ላይ ነው፤ እንቁላሉ ደርቆ ወራት ሊቆይና ውሃ ሲነካው ሊፈለፈል ይችላል። በብሩሽ መፈግፈግ አለበት። የተደፋውን ውሃ ለመጸዳጃ ቤት ወይም ለግቢ መርጫ አድርጉት፣ ኢስራፍ አይሁን። ኩለሩ ለክረምት ሲያርፍ ደግሞ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በጨርቅ ተሸፍኖ ይቀመጥ። የውሃ ዕቃን ማታ መክደን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ያዘዙን ሱና ነው፤ በርሜሉና ሮቶውም ዕቃ ናቸው።

ገንዳውን በበረኪና ማከም የሚፈልግ፣ በረኪናው ባለ 5 ከመቶ ከሆነ፣ ለ20 ሊትር ውሃ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጨምሮ፣ ኩለሩ ጠፍቶ፣ ግማሽ ሰዓት አቆይቶ፣ ደፍቶ በደንብ ያለቅልቀው። እዚህ ላይ እንደ ፋርማሲ ባለሙያ አጥብቄ የምለው አለ። የድሬ ውሃ ማንቆርቆሪያችን ላይ የሚተወው ነጭ ቅርፊት ኩለሩም ውስጥ ይጋገራል፤ እሱን የሚያስለቅቀው አቼቶ ወይም ሎሚ ነው። አቼቶና በረኪና ግን በአንድ ላይ ፈጽሞ አይገናኙ! ሲቀላቀሉ ክሎሪን የሚባለውን መርዛማ ጋዝ ያወጣሉ። በጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ከሆነ ሳንባን ክፉኛ ይጎዳል። ዛሬ በአቼቶ ካጠባችሁ በብዙ ውሃ አለቅልቁና በረኪናውን ለሌላ ቀን አድርጉት። በረኪና በሃይላንድ ጠርሙስም አታስቀምጡ፤ ልጅ ውሃ ነው ብሎ ይጠጣዋል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ትኩሳት ቤት ቢገባ፣ ምች ነው ብላችሁ ሳትዘናጉ ጤና ጣቢያ ሂዱና የወባ ምርመራ አስደርጉ። ደንጊ አለመሆኑ እስኪታወቅ ድረስ አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንም ሆነ ዳይክሎፌናክ አትውሰዱ፣ ለልጅም አትስጡ፤ ደም መፍሰስን ያባብሳሉ። ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል በልኩ ይበቃል፤ ፈሳሽ በብዛት ይጠጣ። ትኩሳቱ ሲበርድ ተሻለው ብላችሁ አትተኙ፤ የደንጊ አደጋ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ያኔ ነው። ብርቱ የሆድ ሕመም፣ የማያቋርጥ ትውከት ወይም የድድ መድማት ከታየ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ሆስፒታል!

መስጂዶቻችንን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ሐጂው ወይም ነጋዴው ኤሲ ገዝቶ ለመስጂድ ሲለግስ ማሻአላህ እንላለን። ከዚያ በኋላ ማጣሪያውን ማን ያጥባል? የኤሲው መግዣ ሰደቃ ከሆነ ማጠቢያው ለምን አይሆንም? ለጁሙዓና ለተራዊሕ ትከሻ ለትከሻ ቆሞ የሚሰግደው ጀማዓ፣ አስም ያለበት ሽማግሌም ሆነ በሴቶች ክፍል ያለ ሕፃን፣ የሚተነፍሰው ከዚያው ማጣሪያ ያለፈውን አየር ነው። የዉዱእ ሮቶውም ጣሪያ ላይ ክዳኑን ይጠብቃል። ገንዘብ ያልተረፋቸው ወጣቶች ጉልበት አላቸው። ኮሚቴው ወረቀት አዘጋጅቶ ከሶላት ሰዓት ሰሌዳው ጎን ይለጥፍ፦ የትኛው ኤሲ፣ የትኛው ሮቶ፣ በማን፣ መቼ ታጠበ፣ ቀጥሎስ መቼ ይታጠባል። የመጀመሪያው እጥበት በመጋቢት ውስጥ፣ ሙቀቱ ሳይገባ ቢጀመር ኢንሻአላህ ሚያዝያን ንጹሕ አየር እየተነፈስን እንቀበለዋለን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ።